የኤሲ ፊልትሮ ቤት ውስጥ መቀየር፤ ጅማ ለምትነዱ

ጅማ ውስጥ ኤሲ ከፍቶ የሚነዳ ሰው ብዙ አይደለም። መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ለዚህ ይመስለኛል «እኔ ኤሲ አልጠቀምም፣ ፊልትሮው ምን ያደርግልኛል?» የሚለው ሰው የበዛው። ግን ፋኑን በከፈታችሁ ቁጥር፣ ሙቀት ስትለቁ፣ በዝናብ ቀን የፊት መስታወቱ ጭጋግ ሲይዝና ነፋስ ስትለቁበት፣ ወደ ውስጥ የሚገባው አየር በሙሉ በእሱ ነው የሚያልፈው። ሲደፈን ነፋሱ ይደክማል፣ መስታወቱም ቶሎ አይጠራም። ክረምት ላይ ከአጋሮ ወደ ጅማ ማታ የነዳ ሰው ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል።

መቼ ይቀየር? አምራቾች እንደ መኪናው ዓይነት ከ15,000 እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ይላሉ፣ አቧራ ባለበት መንገድ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ። እኔ ለጅማ ኪሎ ሜትሩን ትቼ ወቅት ነው የማየው። በጋው ቡና የሚለቀምበትና የሚጓጓዝበት ጊዜ ነው። ከአስፋልት ወጣ ካላችሁ ቀዩ አቧራ ፊልትሮውን ይሞላዋል። መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ያ ሁሉ አቧራ እዚያው እንዳለ እርጥበት ያገኘዋል፣ ከዚያ መኪናው ውስጡ እንደ እርጥብ ጆንያ መሽተት ይጀምራል። ስለዚህ የካቲት መጨረሻ ላይ ቀይሩት፣ መስከረም ላይ ደግሞ ከፍታችሁ እዩት።

መኪናችሁ ፊልትሮው እንዳለው መጀመሪያ አረጋግጡ። የድሮው ዲኤክስ ኮሮላ ወይም ላዳ ከሆነ አትልፉ፣ የለውም። ቪትዝ፣ ያሪስና አዳዲሶቹ ኮሮላዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ጋቢና ከሚቀመጠው ሰው ጉልበት ፊት ካለው የዳሽቦርድ መሳቢያ ጀርባ ታገኙታላችሁ። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ደግሞ ኮፋኖ ከፍታችሁ፣ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ካለው ፕላስቲክ በታች ነው። ቦታው ተዘጋጅቶለት ፊልትሮ ሳይገባበት ከፋብሪካ የወጣ መኪናም አለ፣ ከፍታችሁ ባዶ ብታገኙት አትደንግጡ።

አዲሱን ከመግዛታችሁ በፊት የድሮውን አውጡና ይዛችሁት ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሂዱ። «የቪትዝ ስጠኝ» ብቻ ብላችሁ አትግዙ፣ አንድ ሞዴል ዓመተ ምርቱ ሲለያይ ፊልትሮውም ሊለያይ ይችላል። ጎን ለጎን አድርጋችሁ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን አስተያዩ። ትንሽ ካጠረ አቧራው በክፍተቱ ይገባል፣ ያኔ መቀየራችሁ ትርጉም የለውም። ሁለት ዓይነት አለ። ነጩ አቧራ ብቻ ይይዛል፣ ግራጫ ወይም ጥቁር የሆነው ከሰል ስላለው ሽታም ይቀንሳል። ሂርማታና ፈረንጅ አራዳ መሃል ከአይሱዙ ጭስ ኋላ የምትውሉ ከሆነ ባለ ከሰሉ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ያዋጣል ባይ ነኝ። የምትነዱት ንጹሕ መንገድ ላይ ከሆነ ነጩ ይበቃል።

አሁን ወደ ሥራው። ሞተሩንም ፋኑንም አጥፉ፣ ፋኑ እየዞረ ፊልትሮ ከወጣ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። መሳቢያውን ባዶ አድርጉት፤ ሊብሬው፣ የኢንሹራንስ ወረቀቱ፣ ያ ሁሉ ደረሰኝ፣ ሁሉም ይውጣ። ብዙ ቶዮታ ላይ በመሳቢያው ጎን በኩል ቀስ ብሎ እንዲከፈት የሚይዘው ቀጭን ክንድ አለ። እሱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ ከመንጠቆው አላቁት። ከዚያ የመሳቢያውን ሁለት ጎኖች በሁለት እጅ ወደ ውስጥ ጨመቅ አድርጉና ወደ ታች ልቀቁት፣ ማቆሚያዎቹ ያልፉና ይወርዳል። ካቻቢቴ አያስፈልግም። በሌሎች መኪኖች ግን ብሎን ሊኖረው ስለሚችል እምቢ ሲላችሁ አትታገሉት፣ ዙሪያውን እዩ። የቆየ ፕላስቲክ ላይ ጉልበት መጠቀም ክሊፕ መስበር ነው።

ከጀርባው ጠባብ፣ አግድም የተኛ የፕላስቲክ ክዳን ይታያል። ጎንና ጎኑን ጫን አድርጋችሁ ሳቡት። ፊልትሮውን ስታወጡ እንዳጋደለ ሳይሆን ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ ላዩ ላይ የተከመረው ቅጠልና አፈር ወደ ፋኑ እንዳይወድቅ። ባሕር ዛፍ ሥር የምታቆሙ ሰዎች እዚህ ጋ ትደነቃላችሁ። የአይጥ ጎጆም የሚገኝበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያዙ። ቦታውን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀስቱ ላይ ነው። አዲሱ ፊልትሮ ጠርዙ ላይ ቀስት አለው። ከቀስቱ ጋር «አፕ» የሚል ካለ ያ በኩል ወደ ላይ ይሁን ማለት ነው። «ኤር ፍሎው» የሚል ከሆነ ግን የሚያሳየው አየሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው፣ ይሄ ደግሞ ከመሳቢያው ጀርባ በተኛ ፊልትሮ ላይ በአብዛኛው ወደ ታች፣ ወደ ፋኑ ነው። ሁለቱን አታምታቱ። ግራ ከገባችሁ የድሮውን እዩት፤ በደንብ የተገጠመ ከነበረ የቆሸሸው ፊቱ አየሩ የሚመጣበት ነው፣ አዲሱንም በዚያው ልክ አስገቡት። ቀጥ ብሎ ካልገባ አትጠፍጥፉት። ክዳኑን «ቀጭ» እስኪል ግፉት፣ መሳቢያውን መልሱ፣ ያቺን ክንድ አትርሱ። ከዚያ ፋኑን እስከ መጨረሻው ክፈቱና ስሙ። ትክ ትክ የሚል ድምፅ ካለ ቅጠል ፋኑ ውስጥ ገብቷል፣ መልሳችሁ ክፈቱት።

ጎሚስታ ጋ ሄዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው። አዲሱ እስኪገኝ ከሆነ እሺ፣ ግን ከንጹሑ ፊት ወደ ቆሻሻው፣ ከራቅ ብሎ ይነፋ። አጠገቡ ተደግፎ ሲነፋ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ቀዳዳው ላይታያችሁም ይችላል። በውሃ ማጠብማ ጨርሶ አይሞከር። ባለ ከሰሉ ከታጠበ ሽታ መያዙን ያጣል፣ ነጩም እርጥብ ሆኖ ከገባ ይሻግታል።

ቀይራችሁም ሽታው ካልጠፋ ፊልትሮውን አትውቀሱ። የወጣው ፊልትሮ እርጥብ ከነበረ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ተደፍኖ ይሆናል፣ አጽዱት። የጋቢናው ምንጣፍ ከረጠበ ደግሞ ኤሲው ውሃ የሚያፈስበት ቱቦ ሊሆን ይችላል። ኤሲ ከፍታችሁ ጥቂት ቆዩና ከመኪናው ሥር ጠብታ መኖሩን እዩ፣ ከሌለ ቱቦውን አስከፍቱት። ነፋሱ ጠንካራ ሆኖ ብርድ ከሌለው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ጋዙን የሚለካ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ውሰዱት።