ምርታቸው የቆመ የቅንጦት ሰዓቶች፦ በሰዓቱ ፊት ቀለም ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ምርቱ የቆመ ሰዓት ሲሸጥ ዋጋውን ብዙ ጊዜ የሚያንረው የፊቱ፣ ማለትም ቁጥሮቹ ያሉበት ገጽ፣ ቀለም ነው፤ ማጭበርበሩም የሚበዛው እዚሁ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በስም ብቻ መስማማት። «አረንጓዴው ሰብማሪነር» የሚባለው አንድ ሰዓት አይደለም። ከ2003 እስከ 2010 የተመረተው ሮሌክስ 16610 ኤልቪ ፊቱ ጥቁር ነው፤ አረንጓዴው በመስታወቱ ዙሪያ ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት ብቻ ነው። ከ2010 እስከ 2020 የተመረተው 116610 ኤልቪ ግን ፊቱም የሴራሚክ ቀለበቱም አረንጓዴ ነው። ተተኪው 126610 ኤልቪ ወደ ጥቁር ፊት ተመልሷል። በፓቴክ ፊሊፕ ኖቲለስ ደግሞ ቀለሙን የሚለዩት የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ናቸው፦ 5711/1ኤ-010 ሰማያዊ፣ -014 አረንጓዴ። ስለዚህ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ይጠይቁ።

ከአንድ ፎቶ መወሰን። ከመሃል ወደ ዳር በጨረር መልክ የተቦረሸ ሰማያዊ ፊት በአንድ አቅጣጫ ጥቁር፣ በሌላው ግራጫ ይመስላል። ሻጩ ሰዓቱን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጦ በመስኮት ብርሃን ያንሣልዎት፤ ወረቀቱ ቢጫ ከመሰለ የፊቱም ቀለም ተዛብቷል ማለት ነው። ሰዓቱን ቀስ እያለ የሚያዘነብልበት ቪዲዮም ያስፈልጋል።

በዕድሜ የተለወጠውን እንደገና ከተቀባው አለመለየት። ከሁሉም የሚያከስረው ይህ ነው። በ1980ዎቹ የተሠራው የሮሌክስ ኤክስፕሎረር 2፣ ቁጥር 16550፣ ነጭ ቀለሙ ከጊዜ ብዛት ወደ ክሬም የተለወጠበት ጊዜ አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተመረቱ አንዳንድ የሮሌክስ ዴይቶና 16520 ሰዓቶች ላይም ቫርኒሹ በቂ መከላከያ ስላልሆነ በፊቱ ላይ ባሉት ትንንሽ ክቦች ዙሪያ ያለው ብርማ ቀለም ቡናማ ሆኗል። እነዚህ ለውጦች እውነተኛ ናቸው፣ ሰብሳቢም ይፈልጋቸዋል። እንደገና የተቀባ ፊት ግን በ10 እጥፍ ማጉያ ሲታይ ራሱን ያጋልጣል፦ ፊደሎቹ ወፍራምና ጠርዛቸው የተንቀጠቀጠ ነው፤ በሰዓት ምልክቶቹ ሥርና በቀን መስኮቱ ጠርዝ ላይም ቀለም ተጠራቅሞ ይታያል። ፊቱ ክፉኛ ቡናማ ሆኖ በቆጣሪዎቹ (ሰዓትና ደቂቃ በሚያመለክቱት እጆች) ላይ ያለው በጨለማ የሚያበራ ቅብ ንጹህ ነጭ ከሆነም ይጠርጥሩ።

ከ6 ቁጥር በታች ያለውን ጽሑፍ አለማንበብ። ሮሌክስ እስከ 1998 ገደማ በጨለማ እንዲያበራ በሚያደርገው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር፣ በትሪቲየም፣ ሲሠራ በዚያ ቦታ ላይ «ቲ» የሚለውን የላቲን ፊደል ያትም ነበር። የሚያበራ ቅብ ያለበት የ1970ዎቹ ሮሌክስ «ስዊስ ሜድ» ብቻ ከተጻፈበት ፊቱ በጥገና ጊዜ ተለውጧል፤ የፋብሪካው ዕቃ ቢሆንም ከሰዓቱ ጋር አልተወለደም፣ ዋጋውም ይወርዳል። ትሪቲየም በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ የዚያ ዘመን ቅብ ዛሬ በጨለማ እምብዛም አይበራም። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ቢያበራ እንኳ መብራቱ ሲጠፋ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ለረጅም ጊዜ የሚያበራ ከሆነ ቅቡ ወይም ፊቱ አዲስ ነው።

ፊቱን መጥረግ። ያረጀ ቫርኒሽ በእርጥብ ጨርቅ ሲነካ ይላጣል፣ ጽሑፉንም ይዞ ይሄዳል። ለጥገና ሲያስገቡ «ፊቱና ቆጣሪዎቹ አይለወጡ፣ አይጸዱ» ብለው በጽሑፍ ያስመዝግቡ፤ የግድ ከተለወጡም አሮጌዎቹ እንዲመለሱልዎት አስቀድመው ይስማሙ።