በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚበቅለውን ሽበት ለይቶ ለማወቅ

በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበርና በጣርማበር ወረዳዎች ገደል ላይ በተዘረጋው የወፍ ዋሻ ደን ውስጥ የሚጓዝ ሰው፣ ጉም በሚያዘወትራቸው ጥዶችና ኮሶዎች ላይ ግራጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ጸጉር መሰል ነገር ተንጠልጥሎ ያያል። ይህ የዛፍ ሽበት በሳይንሳዊ ስሙ ኡስኒያ የሚባል የላይከን ወገን ሲሆን፣ ላይከን ደግሞ ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚመሠርቱት አካል እንጂ ራሱን የቻለ አንድ ተክል አይደለም።

ለመመርመር ከግንዱ ላይ መግፈፍ አያስፈልግም፤ እድገቱ እጅግ አዝጋሚ ስለሆነ፣ ነፋስ ከጣለው ቅርንጫፍ ላይ ጥቂት ማንሣት ይበቃል። ደረቁ በቀላሉ ስለሚሰባበር ውሃ ረጨት አድርገው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያም ሥሩን ይመልከቱ፦ ኡስኒያ ቅርፊቱን የሚይዘው በአንድ ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ተነሥቶ ክብ ክብ ወደሆኑ ቀጫጭን ዘንጎች ይከፋፈላል።

ዋናው መለያ ግን ከውስጥ ነው። ወፈር ያለውን አንዱን ዘንግ በሁለት እጅ ጣቶች ጫፍና ጫፉን ይዘው ቀስ አድርገው ሲስቡት፣ የላይኛው ልባስ እዚህም እዚያም ቀለበት እየሠራ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቆቹ መካከልም እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነጭ ክር ይታያል። እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ በቀለሙ ብቻ ተመርቼ ራማሊና የተባለውን ሌላ ላይከን ኡስኒያ ነው ብዬ ሰብስቤ ነበር፤ ራማሊና ግን ዘንጉ ጠፍጣፋ ነው፣ ሲሳብም ክር ሳያሳይ ይበጠሳል።

በማጉያ መነጽር ሲታይ፣ በብዙዎቹ ዝርያዎች ዘንግ ላይ ጥቃቅን ጉብጉብታ ወይም ዱቄት መሰል ብናኝ ይገኛል። አንዳንዱ ዳር ዳሩን እንደ ሽፋሽፍት የከበቡት ትንንሽ ሳህን መሰል አካላት ያወጣል፤ የፈንገሱ ዘረ ብናኝ የሚፈጠረው በእነዚህ ላይ ነው።

ሽበት ዛፉን ያደርቃል የሚለው ወቀሳ ያለ ጥፋቱ የቀረበበት ነው። ውሃውን የሚያገኘው ከጉምና ከዝናብ፣ ምግቡንም አልጌው በፀሐይ ብርሃን ስለሚያዘጋጅለት፣ ከቅርፊቱ የሚፈልገው መቆሚያ ብቻ ነው፤ በሚደርቅ ዛፍ ላይ በዝቶ የሚታየውም ቅጠሉ ሲረግፍ ብርሃን ስለሚያገኝ ነው።

ናሙናውን ለማቆየት በፌስታል ከቋጠሩት ይሻግታል፤ በጥላ አድርቀው በወረቀት ፖስታ ያስቀምጡት፣ በላዩም የዛፉን ዓይነት፣ ቦታውንና ቀኑን ይጻፉበት።