የፈረንሳይን ገጠር በሳይክል እንዴት እንደምትዞሩ፦ ከሶሙር እስከ ኦርሌያን በስድስት ቀን

ቱር ደ ፍራንስን በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው ውድድሩን ብቻ አያይም። ከሄሊኮፕተር የሚቀረጸው የሱፍ ማሳ፣ ወንዝ ዳር የቆመው ግንብ፣ የድንጋይ ቤቶች ያሉት መንደር ሁሉ ዓይን ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በዚህ ውድድር ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲሰለፍ ብዙዎቻችን ያንን አገር አብረነው አይተናል። በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ሦስት ጊዜ አሸንፎ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማሊያ ሲወስድ ደግሞ፣ አንዱን ድል ያገኘው ኮሎምቤ ሌ ዴ ዜግሊዝ በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ነበር።

ያንን ገጠር በራሳችሁ ሳይክል ማየት ትችላላችሁ። የተወዳዳሪ እግር አያስፈልግም። ከእግር ይልቅ የሚያስፈልገው የመንደሩን ሰዓት ማወቅ ነው።

መጀመሪያ፦ ወንዝ ምረጡ

ለጀማሪ ተራራ አልመክርም። አልፕስም ፒሬኔም ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። ወንዝ ዳር ያለ መንገድ ሜዳ ነው፣ መንገድ መሳትም ይከብዳል። የእኔ ምርጫ ሎዋር ነው። በፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ ነው፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በዳርቻው «ላ ሎዋር አ ቬሎ» የሚባል 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሳይክል መስመር አለ። ምልክቱ በየመገንጠያው ስለተተከለ ስልካችሁን ቶሎ ቶሎ ማውጣት አያስፈልግም።

ሙሉውን አትሞክሩ። ከሶሙር እስከ ኦርሌያን ያለው ወደ 230 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ክፍል ይበቃል። የዩኔስኮ ቅርስ ሆኖ በ2000 የተመዘገበው ሸለቆ አብዛኛው ደረጃ በደረጃ የሚታየው እዚህ ነው።

ቀጥሎ፦ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ

ብዙ ሰው ወንዙን ተከትሎ ወደ ውቅያኖሱ ይወርዳል። እኔ ግን ተቃራኒውን እላለሁ። በዚያ አገር ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ነው የሚመጣው። የወንዙ ቁልቁለት ደግሞ እግር አይሰማውም፤ ነፋሱ ግን በደንብ ይሰማል። መንገዱ በሚያልፍበት የጎርፍ መከላከያ ግድብ ላይ ዛፍ የለም፣ ከለላ የለም። እዚያ ላይ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣባችሁ ሜዳው ዳገት ይሆንባችኋል። ስለዚህ ከሶሙር ተነስታችሁ ወደ ምሥራቅ ንዱ።

ቀኖቹን እንዲህ አከፋፍሏቸው፦

1ኛ ቀን ከሶሙር እስከ ሺኖን፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገድ ላይ ካንድ ሳን ማርታን ላይ ውረዱ። የቱር ከተማ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ማርቲን በ397 ያረፈው እዚያ ነው። ቪየን ወንዝ ከሎዋር ጋር የሚገናኘውም ከመንደሩ ሥር ነው።
2ኛ ቀን ከሺኖን እስከ ቪላንድሪ፣ 40 ገደማ።
3ኛ ቀን በቱር ከተማ አልፋችሁ እስከ አምቧዝ፣ ከ50 ትንሽ ያነሰ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1519 የሞተው አምቧዝ ውስጥ ነው።
4ኛ ቀን ከአምቧዝ እስከ ብሏ፣ 40 ገደማ።
5ኛ ቀን በሻምቦር ግንብ በኩል እስከ ቦዥንሲ፣ 45 ገደማ። ሻምቦር ላይ ግማሽ ቀን ስጡት። የአደን ጫካው ብቻ 32 ኪሎ ሜትር አጥር ዞሮታል፤ በጫካው መሀል በሳይክል ስትመጡ ግንቡ ድንገት ይወጣባችኋል።
6ኛ ቀን ከቦዥንሲ እስከ ኦርሌያን፣ 30 ገደማ። ከዚያ ፓሪስ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው።

ኪሎ ሜትሩ አነሰ የሚል ይኖራል። ይነስ። ቀኑን የሚበላው መንዳቱ አይደለም፤ መቆሙ ነው።

ሳይክል፣ ባቡር፣ ወረቀት

የራሳችሁ ሳይክል ከሌለ በሎዋር ዳር አንዱ ከተማ ተከራይታችሁ ሌላው ከተማ የምትመልሱበት አሠራር አለ። የራሳችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ፣ የክልሎቹ ባቡሮች አብዛኛውን ጊዜ ሳይክል በነጻ ይጭናሉ። በበጋ ግን ቦታ አስቀድሞ መያዝ የሚጠይቁ መስመሮች ስላሉ ትኬት ስትቆርጡ አረጋግጡ። ፈጣኑ ባቡር ለሳይክሉ ለብቻው ያስከፍላል፣ ሁሉም ባቡር ደግሞ አይቀበልም።

ጀርመን፣ ጣሊያን ወይም ስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ፓስፖርታችሁንና ፈቃዱን ይዛችሁ ብቻ መምጣት ትችላላችሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል።

ወሩ ግንቦት፣ ሰኔ ወይም መስከረም ቢሆን ጥሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ይሞቃል፣ ማደሪያም ይጠባል።

ዕቃ አታብዙ። ሁለት የጎን ቦርሳ ከኋላ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ ለካቴናው ዘይት። እዚህ መንገድ ዳር ጎሚስታ የለም። ጎማ መቀየርን ቤታችሁ ሆናችሁ ሁለት ሦስቴ ተለማመዱት።

የመንደሩን ሰዓት ልመዱ

ዋናው ነገር ይሄ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ከጠዋት ጀምሮ ሳልቆም ነድቼ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አንዲት መንደር ደረስኩ። ዕለቱ ሰኞ ነበር። ዳቦ ቤቱ መጋረጃው ወርዷል። ግሮሰሪው ተዘግቷል። አደባባዩ ላይ ከአንዲት ድመት በቀር ማንም የለም። የሚቀጥለው ሱቅ 14 ኪሎ ሜትር ነበር፣ በባዶ ሆድ።

ከዚያ በኋላ የያዝኩት ሥርዓት ይኸውላችሁ። ጠዋት ገና መንዳት ሳትጀምሩ ዳቦ ቤት ሂዱ፣ የምሳችሁንም ዳቦ አብራችሁ ግዙ። የገጠር ሱቅ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለምሳ ይዘጋል። ምግብ ቤት የሚያበስለውም በዚያው ሰዓት ነው፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ብትደርሱ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ምንም አትጠብቁ። ሰኞም ብዙ ዳቦ ቤት ያርፋል። ቅዳሜ ማታ የሁለት ቀን ስንቅ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ስትገቡ «ቦንዡር» በሉ። ሳይሉ መጠየቅ እዚያ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ቃሏን ካላችሁ በኋላ በእጅ ምልክትም ይግባባሉ።

ጾመኞች፣ በነሐሴ ከመጣችሁ የፍልሰታ ጾም ይገጥማችኋል። ክሩዋሳን ቅቤ ነው፣ አይሆንም። ባጌት ግን ይሆናል። በተለይ «ትራዲሲዮን» የሚባለው በ1993 በወጣ ደንብ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ነው መሠረቱ። ቲማቲም፣ ኮክና የምስር ሰላጣ ከጨመራችሁበት ምሳ ሆነ።

ውኃ

ይህን ያሳዩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ባዶ ኮዳዬን አይተው በጣታቸው ወደ መቃብር ስፍራው ጠቆሙኝ። ደነገጥኩ። ከፍቼ ስገባ በሩ አጠገብ፣ ለአበባ ማጠጫ የተሰቀሉ አረንጓዴ ጣሳዎች ሥር፣ የናስ ቧንቧ አለ። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። በፈረንሳይ መንደር ሁሉ ማለት ይቻላል መቃብር አለ፣ መቃብሩ ደግሞ ቧንቧ አለው። ዝም ብላችሁ፣ ኮፍያችሁን አውልቃችሁ ግቡ። ከመቅዳታችሁ በፊት ግን ጽሑፉን አንብቡ፤ «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ካለ አይጠጣም።

መንገዱ ላይ

ከወንዙ ስትወጡ ቁጥራቸው በ«ዴ» የሚጀምር መንገዶችን ምረጡ። ከእነሱም ውስጥ ካርታ ላይ ቀጭን የሆኑትን። በ«ኤን» የሚጀምሩትን ሽሹ፤ በ«አ» የሚጀምረው ፈጣን መንገድ (አውቶሩት) ደግሞ ለሳይክል ጭራሽ ክልክል ነው። መንደር ውስጥ ምልክት ከሌለ ቅድሚያ ከቀኝ ለሚመጣው ነው። ከጠባብ ቅያስ ትራክተር ቢወጣም ቅድሚያው የእሱ ነው፣ ፍሬን ላይ ሁኑ። «ግራቪዮን» የሚል ምልክት ስታዩ አስፋልቱ ላይ ልቅ ጠጠር ፈሶበታል ማለት ነው፤ ቀስ በሉ፣ መሪውን አትጠምዝዙ።

ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርጎ መንዳት ያስቀጣል። ከከተማ ውጭ በሌሊት አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ሄልሜት አይነዳም። ለአደጋ 112 ደውሉ።

ማደሪያ

በራቸው ላይ «አኬይ ቬሎ» የሚል ምልክት ያላቸው ቤቶች ከመስመሩ በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ናቸው፤ ሳይክል የሚቆለፍበት ቦታና የመጠገኛ ዕቃ አላቸው። ድንኳን ከያዛችሁ ግን የማዘጋጃ ቤቱን ካምፒንግ እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ወንዝ ዳር ነው። አመሻሹ ላይ ቢሮው ሳይዘጋ ድረሱ። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ደግሞ ለነገ ጠዋት ዳቦ ያስመጡ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙዎቹ ማታ ስማችሁን መዝግበው ጠዋት ትኩሱን ያቀብሏችኋል።