ባሕሩ ላይ ጨው ማን ጨመረበት? በድስት የሚመለስ የልጆች ጥያቄ

የወንድሜ ልጅ 7 ዓመቷ ነው። ባሕር አይታ አታውቅም። እኔም ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። አንድ ቀን ቡና እየቆላሁ «አዳዳ፣ ባሕሩ ላይ ጨው ማን ጨመረበት?» አለችኝ። (አዳዳ በእኛ በጅማ የአባት እህት ናት።) «ከድንጋይ ታጥቦ ነው» አልኳት። ወጣ ብላ ጠጠር አንስታ ላሰችና «ጨው ጨው አይልም» ብላ ተመለሰች። በወሬ እንደማትለቀኝ ገባኝ።

አንድ ሊትር የሚጠጣ ውሃ፣ ጨው፣ ክዳን ያለው ንጹሕ ድስት፣ ከሰል ምድጃና ሲኒ አዘጋጁ። እሳቱ ዘንድ የሚቆመው ትልቅ ሰው ነው።

በሦስት ጣት ጨው ቆንጠር አድርጋችሁ ውሃው ውስጥ አማስሉ። ከዚያ በላይ እንዳትጨምሩ! እኔ የመጀመሪያ ቀን እጄ ተፈታና ማንኪያ ሙሉ ጨመርኩ። ልጅቷ ቀመሰችና «ይሄማ ድሮም ጨው ነበር» ብላ ሥራዬን ሁሉ ገደል ከተተችው። ቁንጥር ሲሆን ግን ምላስ አያገኘውም። አሁን ልጁ ይቅመስ። ምንም የለም ሲላችሁ «ወንዝ ማለት ይሄ ነው» በሉት።

ወንዙ ውስጥስ ከየት መጣ? ዝናብ ሲወርድ ከአየሩ ጋዝ ይቀላቀለዋል፤ ለስላሳ ሲከፈት ቱሽ የሚለው ያው ጋዝ ነው። ውሃው በጣም በትንሹ ይኮመጥጥና ድንጋዩን ቀስ እያለ ይበላዋል። የገበታ ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ተጣምረው ነው። የባሕሩ ሶዲየም በአብዛኛው ከድንጋይ ታጥቦ የገባ ነው፤ ክሎሪኑ ደግሞ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ጋዝ ወጥቶ ነው ባሕር የገባው። ጠጠሯ ስትላስ ጨው ጨው ያላለችው ለዚህ ነው፤ እሷ ጋ ያለው ግማሹ ነው።

ድስቱን ጣዱ። ሲፈላ ክዳኑን ግጠሙ፤ ሲያልበው አንሱትና ይቀዝቅዝ። ከዚያ ልጁ ጠብታዋን ይቅመስ። እኔ በጣም የምወደው ይህችን ነው። ጨዉ ታች ቀርቶ ውሃው ብቻ ነው የወጣው። ዝናብም እንዲሁ ነው፤ ከባሕር ተነሥቶም ጨው ይዞ አይመጣም።

አሁን ክዳኑን ተዉትና አንድ ሲኒ ያህል እስኪቀር ይንተክተክ። ጊዜ ይወስዳል፤ እኔ እስከዚያ ቡናዬን ወቅጬ እጨርሳለሁ። ጨርሶ እንዳይደርቅ ብቻ፣ ጨው ሲደርቅ እየተፈናጠረ ያቃጥላል። የቀረውን ወደ ሲኒው ገልብጡና ሲቀዘቅዝ በጣት ጫፍ አቅምሱ። የእኔዋ ፊቷን አኮማትራ «አልጨመርሽም እኮ!» አለች። አልጨመርኩም። ውሃው ሄደ፣ ጨዉ ቀረ።

ባሕሩም እንደዚሁ ነው። ወንዝ ይገባል፣ ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ ጨዉ ግን አብሮ አይተንም። ይሄ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ሲደጋገም ዛሬ አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ልሙጥ ማለት ነው። ቀይ ባሕር ሞቃት ስለሆነና ወንዝ ስለማይገባበት 40 ይጠጋል።

እዚህ ላይ ለጅማ ልጆች አንድ ነገር አስተካክሉ። ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል ከተባሉ የእኛው አዌቱ አይገባም። በቦዬ ረግረግ በኩል ግልገል ጊቤ ይገባል፤ ከዚያ ጊቤ፣ ኦሞ፣ መጨረሻ ቱርካና ሐይቅ። ቱርካናም መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ውሃው ጨው ጨው ይላል፣ በሊትር 2.5 ግራም ገደማ። ደጃችን ላይ የዘነበው ዝናብ ጨዉን እዚያ ነው የሚያደርሰው። ድስቱ ጨርሶ ቢደርቅስ ለሚል ልጅ ደግሞ ዳሎልን ንገሩት። ጥንት ቀይ ባሕር አፋር ድረስ ይገባ ነበር፤ ተቆርጦ ቀረና ደረቀ። አሞሌ የሚቆረጠው እዚያ ነው።

ሲኒዋን ወዲያው እጠቧት። እኔ ረስቼ ለጎረቤታችን ለአባባ አቦሉን ቀዳሁባት። ፉት ብለው ዝም አሉ። ደነገጥኩ። «እናቴ እንዲህ በጨው ነበር የምታፈላው» ብለው ሁለተኛ ጠየቁኝ።