የናርሲስን እባቦች በመራቢያ ወቅታቸው እንዴት ማየትና ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

ካናዳ፣ ማኒቶባ ውስጥ ከዊኒፔግ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስትነዱ ናርሲስ የምትባል ትንሽዬ መንደር አለች። እሷን አልፋችሁ በ17 ቁጥር መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ የእባቦቹ ጉድጓዶች ጋ ትደርሳላችሁ። በየጸደዩ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ እባቦች እዚያ ከመሬት ስር ይወጣሉ። ወጥተውም ጊዜ ሳያጠፉ ጥንድ ፍለጋ ይገባሉ። ሚኒሶታ ያላችሁ እንኳ በመኪና የምትደርሱበት ቦታ ነው።

እባቡ ጋርተር ይባላል። ጀርባው ላይ ቢጫ መስመር፣ ጎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለው። ቀጭን ነው፣ ሰው የሚጎዳ መርዝም የለውም። ከተናደደ ሊነክስ ይችላል፣ ግን ከንክሻው ይልቅ የሚያማርረው ሲፈራ የሚለቀው ክፉ ጠረን ነው። ልብስ ላይ ካረፈ ስትመለሱ መኪና ውስጥ ያጣላል።

አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ለጋርተር ብቻ ነው። እፉኝትን በዚህ መንገድ ልጠጋ እንዳትሉ። እፉኝት ሰው ሲመጣ አይሸሽም፣ ከአፈሩ ጋር መመሳሰሉን ተማምኖ ባለበት ጸጥ ይላል። ስለዚህ ስታዩት ሳይሆን ስትረግጡት ነው የምታውቁት።

1. ቀኑን ምረጡ

ግማሹ ሥራ ይሄ ነው። ወቅቱ በፈረንጆቹ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ነው፣ በእኛ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት የመጀመሪያ ሳምንት ማለት ነው። ግን በረዶው ዘግይቶ ከቀለጠ እነሱም ይዘገያሉ፣ ስለዚህ ሆቴል ከወራት በፊት ቆርጦ መቀመጥ አያዋጣም።

ለምን እዚያ ቦታ ብቻ ተከማቹ? መሬቱ በሃ ድንጋይ ነው። ውሃ እየቦረቦረው ስንጥቅና ጉድጓድ ሠርቶበታል፣ ስንጥቆቹም ውርጭ ከማይደርስበት ጥልቀት ድረስ ይወርዳሉ። ከላይ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲሆን እነሱ ከስር ተደራርበው ከርመው ይተርፋሉ። ጸደይ ላይ መጀመሪያ የሚወጡት ወንዶቹ ናቸው፤ ወጥተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ሴቶቹን ይጠብቃሉ። ሴቶቹ ግን አንድም ሁለትም እያሉ በየቀኑ ስለሚወጡ ትርኢቱ ለሳምንታት ይቀጥላል።

ሁለት ሦስት ቀን ሞቅ ብሎ ከቆየ በኋላ ፀሐይ ያለበትን ቀን ያዙ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ ባለው ጊዜ ሂዱ። ዝናብና ብርድ ከሆነ ተመልሰው ይገባሉ፣ እናንተም ባዶ ድንጋይ ፎቶ አንስታችሁ ትመለሳላችሁ።

2. ልብስና ስንቅ

ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱት። እባቡን ፈርቼ አይደለም፤ በዚያ ወቅት ሣሩ መዥገር አለበት። ቤት ስትገቡ ሰውነታችሁን ፈትሹ። ውሃና ምሳ ይዛችሁ ሂዱ። የሚተኛበት ወፍራም ምንጣፍ ነገርም ያዙ፣ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ።

3. ካሜራውን ሳታወጡ ቁሙ

ጉድጓዶቹ አራት ናቸው፤ 3 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን የእግር መንገድ ተያይዘዋል። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ጋ ይደርስና ስልኩን አውጥቶ የሚርመሰመሰውን ሁሉ ያነሳል። ቤት ገብቶ ሲያየው ግን ምን ምን እንደሆነ የማይለይ የተቋጠረ ገመድ ነው። እኔ የምመክረው አንድ ጉድጓድ መርጣችሁ ግማሽ ሰዓት ዝም ብላችሁ እንድታዩ ነው። ዓይን ሲለምድ ግርግሩ ሥርዓት እንዳለው ይገባችኋል።

መጀመሪያ ሴቷን ፈልጉ። ከወንዶቹ ትረዝማለች፣ ትወፍራለችም። አንዲት ሴት ስትወጣ ወንዶቹ በደርዘን ይወሩባታል፣ አንዳንዴ እስከ መቶ ይደርሳሉ፤ ያ ኳስ የሚመስለው ክምር የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ እሷ መሀል ናት። ጭንቅላቷን ካገኛችሁ ፎቶው ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ ወንዶቹን እዩ። ምላሳቸው አያርፍም፣ ጠረን እየለቀሙበት ነው። ሮበርት ሜሰን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ወንዱን የሚስበው ጠረን ሴቷ ቆዳ ላይ ካለው ቅባት ነው የሚመጣው። ወንዱ ሴት መሆኗን ካረጋገጠ አገጩን ጀርባዋ ላይ እየጫነ ወደ ጭንቅላቷ ይሄዳል። ከዚያ ጎን ለጎን ይተኛና ሰውነቱ ከጭራ ወደ ራስ እንደ ሞገድ ይንቀጠቀጣል። ይሄን አንዴ ለይታችሁ ካያችሁ ሌላውን ሁሉ ታነቡታላችሁ። ሌሎች እባቦች ላይ እንደሚታየው ወንዶቹ እርስ በርስ አይደባደቡም፤ ግፊያ ነው ያለው፣ ፒያሳ ታክሲ ሲጠፋ እንደሚሆነው።

አንዱ ሲሳካለት ደግሞ ሴቷ ውስጥ እንደ ሙጫ የሚጠነክር መክደኛ ትቶ ይሄዳል፣ ለሌሎቹ በሩን ዘጋ ማለት ነው። የቀሩት ቀስ በቀስ ይበተናሉ። እሷም ወደ ረግረጉ ጉዞ ትጀምራለች፣ ወንዶቹ ግን እዚያው ሳይበሉ ቀጣይዋን ይጠብቃሉ።

አንድ የማያምኑት ነገር ልጨምር። አንዳንዴ ክምሩ መሀል ስታዩ ሴት የለችም። ገና የወጣ ወንድ ነው! በብርድ የደነዘዘ፣ ጭቃ ያልለቀቀው ወንድ ለአጭር ጊዜ የሴት ዓይነት ጠረን ይኖረዋል። ሌሎቹ ተታልለው ይከመሩበታል። እሱም በነሱ ሙቀት ቶሎ ይሞቃል፣ ከቁራም ይከለላል። ብልጥ ልበለው? እሱ አያውቀውም፣ ግን ይጠቅመዋል።

4. አሁን ካሜራውን አውጡ

ሌንስ ብዙ አይጠይቅም። እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዙም ካላችሁ ከመንገዱ ሳትወርዱ ዝርዝር ታነሳላችሁ፣ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ካለ ደግሞ አጠገባችሁ ለሚያልፉት ይሆናል። በስልክ ከሆነ የዙም ሌንሱን ተጠቀሙ። በጣት እየሳባችሁ አታጉሉት፣ ምስሉን ያፈርሰዋል።

የሹተሩን ፍጥነት ከ1/500 ሴኮንድ አታዘግዩት። ምላስ ወጥቶ እንዲታይ ከፈለጋችሁ 1/1000 እና ከዚያ የፈጠነ፣ በተከታታይ ማንሻ። ለክምሩ የሌንሱ ቀዳዳ (አፐርቸር) ኤፍ 8 ወይም 11 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ዓይን ጥርት ብሎ ሌላው ሁሉ ጭጋግ ይሆናል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ማለቱ አያስጨንቃችሁ፣ ከደበዘዘ ፎቶ ትንሽ ሻካራ ፎቶ ይሻላል። ፎከሱ ሁልጊዜ ዓይን ላይ ይሁን።

ችግሩ ብርሃኑ ነው። እነሱ ፀሐይ ይፈልጋሉ፣ ፀሐይ ደግሞ ቅርፊታቸው ላይ ያብለጨልጫል። ፖላራይዘር ፊልተር ይሄን በደንብ ይቀንሰዋል። ሌላው ዘዴ ስስ ደመና ፀሐይዋን የሚሸፍንበትን ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ እነሱ እንደሞቁ ናቸው፣ ብርሃኑ ግን ይለሰልሳል። ድንጋዩ ነጣ ያለ፣ እባቡ ጠቆር ያለ ስለሆነ ካሜራው ብርሃኑን ሲለካ ይሳሳታል፣ ባነሳችሁ ቁጥር ስክሪኑን እያያችሁ አስተካክሉ። ፍላሽ ይቅር።

ምንጣፉ እዚህ ጋ ይመጣል። ከላይ ወደታች ያነሳችሁት እባብ ካርታ ላይ ያለ ወንዝ ነው የሚመስለው። በሆዳችሁ ተኝታችሁ ሌንሱን በእነሱ ዓይን ልክ ስታደርጉት ግን ፊት አለው፣ ያያችኋል። ከመተኛታችሁ በፊት መሬቱን እዩ፣ ያልታየ እባብ ሊኖር ይችላል። ከዚያ አትንቀሳቀሱ። ብዙዎቹ ከቁብ ሳይቆጥሯችሁ በክንዳችሁ ስር ያልፋሉ።

ቪዲዮም ያዙ። የሞገዱ መንቀጥቀጥ በፎቶ አይታይም። ድምፁም አለ፣ ደረቅ ቅጠል ላይ ሲተሻሹ የሚሰማው።

5. አትንኩ

ክምሩን በእንጨት መፍታት፣ ድንጋይ ማንሳት፣ ለፎቶ ብሎ እባብ ማስቀመጥ አይሠራም። እጃችሁ ላይ ያለው የፀሐይ ክሬምና የነፍሳት መከላከያ ለቆዳቸው አይስማማም፣ መያዙ ራሱም ከወራት ጾም የወጣ እንስሳ ጉልበት ያስጨርሳል። በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቡ፣ አጥር ካለ ከአጥሩ ወዲህ ቁሙ። ቁራ መጥቶ እባብ ሲገድል ብታዩም አታባርሩት። ጉበቱን ብቻ ቆርጦ ወስዶ ሌላውን ይጥለዋል፤ ለማየት ደስ አይልም፣ እንደ ፎቶ ግን ከክምሩ የማይተናነስ ነው።

6. መንገዱ ላይ

ስትነሱ ከመኪናው ስር ተመልከቱ። 17 ቁጥር መንገድ ላይ ደግሞ በዝግታ ንዱ። ድሮ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ እባቦች እዚያ በመኪና ይጨፈለቁ ነበር። በኋላ ከአስፋልቱ ስር ማለፊያ ቱቦ ተሠራላቸው፣ ወደ ቱቦው የሚመራ ዝቅተኛ አጥርም ተደረገ፤ ሞቱ በጣም ቀነሰ፣ አጥሩን የሚያልፉ ግን አሁንም አይጠፉም።

ጸደዩ ካመለጣችሁ እባቦቹ በሴፕቴምበር የብርዱን ወቅት ሊያሳልፉ ይመለሳሉ። ያኔ ክምሩን አትጠብቁ፣ ግን ከመግባታቸው በፊት ጉድጓዱ አፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይገኛሉ። ሰውም ስለሚቀንስ ተኝታችሁ ለማንሳት ይመቻል።