እናትን በሜዲኬር «ጋይድ» ፕሮግራም ማስመዝገብ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ቤት ውስጥ ለሚጠብቅ፣ ለሚያጥብና ለሚያለብስ ሰው ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለአዛውንቶች ያዘጋጀው የጤና ኢንሹራንስ፣ አይከፍልም። ዛሬም በጠቅላላው እንደዚያው ነው። ግን እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ «ጋይድ» የሚባል የስምንት ዓመት የሙከራ ፕሮግራም አለ፤ እናቴም ገብታበታለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጸበሌን ሳልጠጣ እጄን ይዞ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ብገላገል ይሻላል።

የሚሰጠው ይህ ነው፦ ኬር ናቪጌተር የሚባል፣ እንክብካቤውን የሚያስተባብር፣ በስም የምታውቁት አንድ ሰው ይመደብላችኋል። እናታችሁ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ካልወጣሁ ብላ በር ብትይዝ የምትደውሉበት፣ 24 ሰዓት የሚሠራ ስልክ አለ። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ አንድ ላይ የሚያይ ባለሙያ አለ፤ ለእናንተም ሥልጠና አለ። ለዚህ ኮፔይ፣ ማለትም ከኪስ የሚከፈል ድርሻ፣ አትከፍሉም። ሕመሙ መካከለኛ ወይም ከባድ ደረጃ ላይ ከደረሰና ቤተሰብ የሚንከባከባት ከሆነ፣ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ ሬስፒት ይጨመራል። ትርጉሙ እናንተ እንድታርፉ ሌላ ሰው ይጠብቃታል ማለት ነው። ገንዘቡ በእጃችሁ አይገባም፤ ለሠራተኛው ድርጅት ወይም ለዴይ ኬሩ ይከፈላል። በሰዓት 35 ዶላር ብናስበው ሰባ ሰዓት ገደማ ነው። ለዓመት ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሰባት ሌሊት በደንብ ሳይተኛ ለከረመ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

መጀመሪያ ቦርሳዋን ክፈቱና ካርዷን እዩ። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያለው የመንግሥት ካርድ ላይ ፓርት ኤ (የሆስፒታል ሽፋን) እና ፓርት ቢ (የሐኪም ሽፋን) ሁለቱም መጻፍ አለባቸው። የእኔ እናት እዚህ አገር አንድ ቀን አልሠራችም፤ አባቴ ግን ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ከአሥር ዓመት በላይ ሶሻል ሴኩሪቲ ከፍሏል፣ በእሱ ሥራ ነው ፓርት ኤን በነፃ ያገኘችው። ራሷም ባሏም እዚህ ያልሠሩ እናት ግሪን ካርድ ይዛ በተከታታይ አምስት ዓመት ከኖረች በኋላ መግዛት ትችላለች፤ በ2025 ሙሉ ዋጋው ለፓርት ኤ ብቻ በወር 518 ዶላር ነበር። ልጅ ሠርቶ ለእናቱ ሜዲኬር አያመጣም፣ ይህንን ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ከዚያ ሌላ የኢንሹራንስ ኩባንያ ካርድ አብሮ ካለ ተጠንቀቁ። ያ ምናልባት ሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለትም ሜዲኬርን በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጥ ፕላን ነው፤ አድቫንቴጅ ውስጥ ያለ ሰው ጋይድ ውስጥ አይገባም። ሆስፒስ (ለሕይወት መጨረሻ የሚሰጥ እንክብካቤ) የገባ ወይም ነርሲንግ ሆም በቋሚነት የሚኖርም እንዲሁ። የእኛ አገር አዛውንቶች ብዙዎቹ የምግብ ካርድና የጥርስ ሽፋን አለው ተብለው በአድቫንቴጅ ተመዝግበዋል። ወደ ዋናው ሜዲኬር መመለሻው ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7፣ እንደገናም ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ነው። ሜዲኬይድም (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሆነው የመንግሥት ሽፋን) ያላት ከሆነ ከ2025 ጀምሮ በማንኛውም ወር ይቻላል። ግን አትቸኩሉ። ዋናው ሜዲኬር ከሐኪም ሂሳብ 20 ከመቶውን ለእናንተ ይተዋል፤ ያንን የሚሸፍነው፣ ከግል ኩባንያ የሚገዛው ተጨማሪ ኢንሹራንስ ሜዲጋፕ ደግሞ የመርሳት በሽታ መዝገቧ ላይ ካየ በአብዛኛው ስቴት እምቢ ሊል ይችላል። ሜዲኬይድ ወይም ሜዲጋፕ ሳይኖር ለ2,500 ዶላር ብሎ አድቫንቴጅን መልቀቅ በእኔ ሂሳብ ኪሳራ ነው። አድቫንቴጅ ውስጥ ለምትቆዩም ሐኪሟን «99483» የሚባለውን የሂሳብ ኮድ ጠርታችሁ ጠይቁ፤ የአእምሮ ምርመራና የእንክብካቤ ዕቅድ የሚወጣበት ረጅም ቀጠሮ ነው፣ አድቫንቴጅም ይሸፍነዋል።

ደረጃውን የሚወስነው ምርመራው ነው፤ እዚህ ላይ ነው ሰዎቻችን የሚጎዱት። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ገብታ «እንደምን አደርክ ልጄ፣ ቤተሰብ ደህና?» ብላ ሐኪሙን ስትመርቅ ምንም የሆነች አትመስልም። ልብሱን የመረጥኩት እኔ መሆኔን ሐኪሙ አያውቅም። ደረጃ የሚሰጠው መጠይቅ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ለወቅቱ የሚሆን ልብስ ራሷ ትመርጣለች? ብቻዋን ትታጠባለች? ሽንቷን ትቆጣጠራለች? ልብስ ለመምረጥ ሰው ካስፈለጋት መካከለኛ ደረጃ ላይ ናት። እሷ ፊት ይህንን ማውራት ነውር ነው፣ እኔም አላደርገውም። በወረቀት ጽፋችሁ ከቀጠሮው በፊት ለነርሷ ስጡ።

አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በሕግ ነፃ ነው። ራሳችሁ አታስተርጉሙ፤ ልጅ ሲያስተረጉም ሳያውቀው የእናቱን መልስ ያቃናል። ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ዓመቱን ስትጠየቅ በኛ አቆጣጠር ከዚህ አገሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያነሰ ብትል ትክክል ልትሆን ትችላለች። «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» የሚያሳይ ሰዓት ሳዪ ሲሏት አጭሩን ዘንግ አምስት ላይ ብታደርገው ከመርሳት ሳይሆን ከአገር ልማድ ሊሆን ይችላል። ስንተኛ ክፍል እንደተማረችም ተናገሩ።

ቀጥሎ ለእናንተ 22 ጥያቄ ይቀርባል። ለራሳችሁ ጊዜ አላችሁ? ጤናችሁ ተጎድቷል? ትናደዳላችሁ? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ አለው፤ ድምሩ ከ60 ካለፈና ሕመሙ ከገፋ የፕሮግራሙ ከፍተኛ የእንክብካቤ ደረጃ ውስጥ ትገባላችሁ። እኛ «እናቴ አይደለችም እንዴ፣ ምን ሸክም አለው» ብለን ሁሉንም ዜሮ እንሞላለን። እግዚአብሔር ይመስገን ማለቱን ቤታችሁ በሉት። ወረቀቱ ላይ ግን ስንት ሌሊት እንዳልተኛችሁ፣ ስንት ፈረቃ እንደቀረባችሁ ጻፉ።

የቤተሰብ ሐኪማችሁ ስለ ጋይድ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ የእኛም አልሰማም ነበር። ፕሮግራሙ የሚሰጠው በተመረጡ ክሊኒኮች ብቻ ነው። ወደ ሜዲኬር 1-800-633-4227 ደውላችሁ «አምሃሪክ» በሉና አስተርጓሚ እስኪመጣ ያዙ፤ በአቅራቢያችሁ ማን እንዳለ ጠይቁ። የአልዛይመር ማኅበሩም 1-800-272-3900 ላይ ሌሊትም ያነሳል። ካርድ ስለመቀየር ግን ኮሚሽን ከሚያገኝ ኤጀንት ይልቅ «ሺፕ» የሚባለውን ነፃ አማካሪ አነጋግሩ፣ በየስቴቱ አለ።

ከገባችሁ በኋላ ሬስፒት ላይ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ እንዲፈለግ አጥብቃችሁ ጠይቁ። በእኛ አካባቢ በዚህ ሥራ የተሰማሩት የእኛው እህቶች ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ «የለም» የሚለውን የመጀመሪያ መልስ አልቀበልም። እናቴ ከማታውቀው ሰው እጅ አትበላም፤ አማርኛ የምትናገረው ሠራተኛ መጥታ ቡና ስታፈላ ግን ራሷ ስኒ ታቀርባለች።

ሰባ ሰዓት የማይበቃችሁ፣ ማለትም ሁላችሁም፣ ጎን ለጎን ሜዲኬይድ አመልክቱ። ሜሪላንድ ውስጥ ዴይ ኬርና ቤት የሚመጣ ረዳት የሚከፍሉ ፕሮግራሞች አሉት፤ መጀመሪያ የሚደወለው 1-844-627-5465 ነው። ግሪን ካርድ ያላት እናት እዚህም በአብዛኛው አምስት ዓመት ትጠብቃለች። ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ ስላላችሁ፣ የከተማው መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ የለኝም ሊላችሁ አይችልም።

ይህን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት እናታችሁ የምትፈርመውን ገና በምትረዳበት ጊዜ የውክልና ወረቀት አሠሩ። ሜዲኬር ከእናንተ ጋር ስለ እሷ እንዲነጋገር የሚፈቅደው ቅጽ ለብቻው ነው፣ በዚያው ስልክ ጠይቃችሁ አስልኩ። የውክልናውን ዋናውን ቤት አስቀምጡ፤ ለክሊኒክ ኮፒውን ብቻ ስጡ።