ካርዱ ላይ ያለውን የሳይንስ ማርክ እንዴት እናንብበው? ለ9–12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆች

ሴሚስተር አልቆ ካርድ ሲመጣ የሚሆነው ይታወቃል። ፊዚክስ 78፣ ኬሚስትሪ 81፣ ባዮሎጂ 86። እሰይ ይባላል፣ ደረጃ ይጠየቃል፣ ካርዱ ተፈርሞ ይመለሳል። 78ቱ ከምን ከምን እንደተለቀመ የሚጠይቅ ግን የለም።

መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው። በአሁኑ አሠራር ከ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ በኋላ እስከ 12ኛ ድረስ ከትምህርት ቤቱ ውጪ የሚመዝናችሁ የለም። ድሮ 10ኛ ላይ ማትሪክ ነበር፤ እሱም ቀረ። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ሳይንስ ችሎታችሁ የሚነግራችሁ የራሳችሁ መምህር የሰጠው ማርክ ብቻ ነው። መምህሩ ቸር ከሆነ ማርኩም ቸር ነው፣ ቆንጣጣ ከሆነም እንደዚያው። ከዚያ ብሔራዊ ፈተና ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛውሮ የኩረጃ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ፣ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። የቀሩት ልጆችም እኮ 12ኛ ክፍል የደረሱት ካርዳቸው ላይ የማለፊያ ማርክ ይዘው ነው።

ማርኩን ፈልቅቁት

ተከታታይ ምዘና ሐሳቡ ጥሩ ነው። ልጅ በአንድ ቀን ፈተና አይመዘን፣ በየጊዜው ይታይ፣ የደከመበት ቦታ ቶሎ ይታወቅ ነው ነገሩ። በተግባር ግን ብዙ ቦታ ማርክ መሰብሰቢያ ሆኗል። ደብተር ማርክ አለው፣ ግሩፕ ወርክ ማርክ አለው፣ አሳይመንት ማርክ አለው። 60 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል አምስት ሴክሽን የሚያስተምር መምህር ይሄን ሁሉ በወጉ ሊያርም አይችልም፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጎ 9 ከ10 ይሰጣል።

ክፍፍሉ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ ለምሳሌ ያህል ግን እንዲህ እንበል። ደብተር 10፣ ግሩፕ ወርክ 10፣ አሳይመንት 10፣ ቴስት 15፣ ሚድ 15፣ ፋይናል 40። አንዲት ተማሪ በተራ 10፣ 9፣ 9፣ 8፣ 7 እና 21 አመጣች። ድምሩ 64 ነው፤ አልፋለች። አሁን ደብተሩን፣ ግሩፑንና አሳይመንቱን አውጧቸው። ብቻዋን ቁጭ ብላ የሠራችው ቴስት፣ ሚድና ፋይናል ነው፤ እሱ 36 ከ70 ነው፣ ማለትም 51 በመቶ ገደማ። ፋይናሉን ለብቻው ካያችሁት ደግሞ 21 ከ40፣ ጫፍ ላይ ናት። ካርዱ 64 ይላል እንጂ ይቺ ልጅ እርዳታ ትፈልጋለች።

ይህን ስሌት በየሴሚስተሩ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ሥሩት። ወላጆች ካርዱን ብቻ አትመልከቱ፤ ስም ጠሪ መምህሩ ጋ ወይም የትምህርቱ መምህር ጋ ሄዳችሁ የማርክ ዝርዝሩን ጠይቁ። በትህትና ከተጠየቀ የሚከለክል መምህር ብዙም አይገጥምም። ካርዱ ላይ ያለው ማርክና ብቻውን የሠራው በመቶ ሲሰላ ከ10 በላይ ከተራራቁ ልጁን ከመቆጣት በፊት የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደወደቀ ማየት ይሻላል።

ስለ ግሩፕ ወርክ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። አንድ ለአምስት ተባለም ሌላ፣ አንዱ ሰቃይ ይሠራል አራቱ ስም ያስጽፋሉ። እናንተ ስም አስጻፊ ከሆናችሁ ቢያንስ ለመምህሩ ከመሰጠቱ በፊት ወረቀቱን ተቀብላችሁ አንዱን ጥያቄ ያለ እርዳታ ሥሩት።

ክፍል ውስጥ የሚሆነው

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ አካባቢ ነው። ስም ጥሪና ጸጥ ማሰኘት ሲቀነስ 30 ይቀራል። መምህሩ ኖት ይጽፋል ወይም ሃንድአውቱን ቴሌግራም ላይ ለቋል፤ ኖቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ማብራሪያው በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ። ሲያብራራ ሁሉም ይገባል። ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ይመጣል። እዚህ መሀል ላይ ነው ብዙ ልጅ የሚጠፋው። ፊዚክሱ ከብዶት አይደለም፣ ጥያቄው ምን እንደጠየቀ ስላልገባው ነው። በፕላዝማ ዘመን የተማረ ወላጅ ይሄን ያውቀዋል፤ ቴሌቪዥኑ በፈጣን እንግሊዝኛ ያወርደዋል፣ ማንንም አይጠብቅም፣ መምህሩም ዳር ቆሞ ያያል።

መፍትሔው ሁለቱን ቋንቋዎች በተራ መጠቀም ነው። በአማርኛ ተረዱት፣ ለጓደኛ በአማርኛ አስረዱት፤ ከዚያ መጽሐፉን ገልጣችሁ ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ ሦስት አራት መስመር ራሳችሁ ጻፉ። መገልበጥ አይደለም፣ ከጭንቅላት ነው። ጥያቄ ስታነቡ ደግሞ «የማይሆነው የቱ ነው»፣ «ከሁሉም በላይ ትክክል የሆነው»፣ «በቋሚ ሙቀት» የሚሉትን አይነት ቃላት በእንግሊዝኛቸው አስምሩባቸው። እነሱን በመዝለል የሚጠፋው ማርክ ቀላል አይደለም።

የመማሪያ መጽሐፉን አትናቁት። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የወጡት መጻሕፍት በየርዕሱ ተግባራዊ ሥራዎችና ከምዕራፉ በኋላ የክለሳ ጥያቄዎች አሏቸው፤ ብዙ መምህር ጊዜ የለኝም ብሎ ይዘላቸዋል። ሾርት ኖት ብቻ ይዞ የሚያጠና ተማሪ ያልተማረው ነገር እንዳለ እንኳ አያውቅም።

ሽምደዳ የት ላይ ይበቃል፣ የት ላይ አይበቃም

መምህራን ፈተና ሲያወጡ ጥያቄዎቹን በደረጃ እንዲከፋፍሉ ይጠበቃል፦ የማስታወስ፣ የመረዳት፣ ሥራ ላይ የማዋል። ለምዕራፉ የተመደበው ክፍለ ጊዜ በበዛ ቁጥር የጥያቄው ድርሻም ይበዛል። ስለዚህ ደብተራችሁን ገልጣችሁ የትኛው ምዕራፍ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደፈጀ ቁጠሩ፤ የጥናት ሰዓታችሁንም በዚያ ልክ አካፍሉ። ብዙ ሰው የሚያጠናው መጀመሪያውን ምዕራፍ ነው፣ ደጋግሞ ስለጀመረው ብቻ።

የትምህርት ቤት ቴስት ማስታወስ ላይ ያጋድላል፤ ለማውጣትም ለማረምም ቀላል ነው። ልዩነቱን በአንድ የፊዚክስ ጥያቄ እንየው። ድንጋይ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ወደ ላይ ተወረወረ። ስንት ሜትር ይወጣል? ፎርሙላውን የሸመደደ ሁሉ ይሠራዋል፤ የመሬት ስበቱን 10 ብሎ ይዞ፣ 20 በ20 አባዝቶ 400፣ ለ20 አካፍሎ 20 ሜትር። ጥሩ። አሁን ጥያቄውን ትንሽ እናዙረው፦ ድንጋዩ ጫፍ ደርሶ ሊመለስ ሲል አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት ነው? ግማሹ ክፍል «ዜሮ» ይላል፣ ለቅጽበት ስለቆመ። ዜሮ የሆነው ፍጥነቱ እንጂ አክስለሬሽኑ አይደለም፤ እሱ ያው 10 ነው፣ ወደ ታች። አክስለሬሽኑ ዜሮ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ እዚያው ተንሳፎ ይቀር ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ምንም ስሌት የለውም፤ የሚጥለው ግን እሱ ነው።

ኬሚስትሪም እንዲሁ ነው። 4 ግራም ሃይድሮጅንና 16 ግራም ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ቢሠሩ ስንት ግራም ውሃ ይገኛል? ቶሎ ባዩ 20 ይላል፣ ደመረው። የተመጣጠነውን እኩልታ ያስታወሰ ደግሞ 36 ሊል ይችላል። መልሱ 18 ነው። 4 ግራም ሃይድሮጅን 32 ግራም ኦክስጅን ይፈልግ ነበር፤ ያለው 16 ነው፣ ስለዚህ ኦክስጅኑ ቀድሞ ያልቅና 2 ግራም ሃይድሮጅን ሥራ ፈቶ ይቀራል። እንዲህ ያለው ስሌት የሚሠራበት ሞል (የንጥረ ነገር መጠን መለኪያው) ላይ ከተደናቀፋችሁ 11ኛንና 12ኛን ትታችሁ ወደ ታችኛው ክፍል መጽሐፍ ተመለሱ። ማፈር የለም፤ ብዙው የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ እዚያ ላይ ነው የቆመው።

ባዮሎጂ የሽምደዳ ትምህርት ነው የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ስሞቹን መያዝ ግዴታ ነው። ከያዛችሁ በኋላ ግን መጽሐፉን ዘግታችሁ ልብን ወይም ኩላሊትን ባዶ ወረቀት ላይ ሣሉ፣ ደሙ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ቀስት አስገቡ፣ ከዚያ «ይቺ ቱቦ ብትዘጋ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ይሄን መመለስ ከቻላችሁ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

ላብራቶሪው ከተቆለፈ

ብዙ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ የሚል ጽሑፍ ያለበት በር አለ። በሩ ላይ ቁልፍ አለ። ቁልፉ የማን ጋ እንዳለ አይታወቅም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተግባር ክፍል ስለሌለው ላብራቶሪ ባይገባም ማንም አይጠየቅበትም፤ እኔ ይሄ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ነገር ነው። ጥያቄዎቹ ግን ግራፍ ያነባችሁ፣ የትኛው ነገር እንደተለወጠና የትኛው ቋሚ እንደተደረገ የገባችሁ መሆን አለመሆናችሁን ይፈትሻሉ። ቤት ውስጥ የሚሠራ አለ።

ክር ፈልጉ፣ ጫፉ ላይ ቁልፍ እሰሩና ከበር መቃን ላይ አንጠልጥሉት። ከታሰረበት እስከ ቁልፉ መሀል አንድ ሜትር ይሁን። ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ሄዶ ሲመለስ አንድ ብላችሁ 20 ጊዜ ቁጠሩና በስልክ ሰዓት ያዙ። 40 ሰከንድ አካባቢ ይሆናል። አንዱን ብቻ ለመለካት ከሞከራችሁ የጣታችሁ መዘግየት ውጤቱን ያበላሸዋል፤ 20 የሚቆጠረው ለዚህ ነው፣ ይሄም ራሱ የፈተና ጥያቄ ይሆናል። አሁን ክሩን 25 ሳንቲሜትር አድርጉት። ርዝመቱ በአራት ስላነሰ ጊዜውም በአራት የሚያንስ ይመስላል። ቁጠሩት፤ 20 ሰከንድ ገደማ ነው፣ በግማሽ ብቻ። ጊዜው የሚለወጠው በርዝመቱ ካሬ ሩት ልክ ነው የሚባለው ነገር ያን ጊዜ ይገባችኋል። ቁልፉን በከበደ ቁልፍ ቀይሩት፤ ጊዜው ንቅንቅ አይልም።

ለባዮሎጂ ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን ከፋርማሲ ግዙ። ጥሬ ድንች ላይ ጠብ ሲል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፣ ዳቦም ላይ እንደዚሁ፤ የተቀቀለ እንቁላል ነጩ ላይ ግን ያው ቡናማነቱን ይዞ ይቀራል። ስታርች ያለውንና የሌለውን በዓይን አያችሁ ማለት ነው። ልብስ ያበላሻል፣ የነካውም ምግብ አይበላም። ለኬሚስትሪ ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉት፤ ውሃው ሎሚ ሲጨመርበት ይቀላል፣ ሳሙና ሲጨመርበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል።

የታረመ ወረቀት አይጣል

ቴስት ተመልሶ ማርኩ ከታየ በኋላ ወረቀቱ ተጠቅልሎ የሚጣለው ነገር ያሳዝናል። አንድ ደብተር መድቡ፤ በየፈተናው የሳታችኋቸውን ጥያቄዎች ገልብጡበት፣ ከጎኑም ለምን እንደሳታችሁ ጻፉ። ምክንያቱ ከአራት አያልፍም፦ አላውቀውም ነበር፣ እንግሊዝኛው አልገባኝም፣ ስሌት ተሳሳትኩ፣ ሰዓት አለቀብኝ። ከአንድ ሴሚስተር በኋላ ደብተሩን ስታዩ የአብዛኛው ስህተት ምክንያት አንድ አይነት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ችግራችሁ እንግሊዝኛው ከሆነ የፊዚክስ ቲቶሪያል መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። ስሌት ከሆነ ደግሞ ካልኩሌተሩን ዛሬውኑ አስቀምጡት፤ ብሔራዊ ፈተናው ላይ አይገባም፣ በእጅ ማካፈልና አስርዮሽ ማንቀሳቀስ የረሳ ልጅ እዚያ ይቸገራል።

12ኛ የደረሳችሁ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኝ ስድስት ትምህርት ነው የሚጠብቀው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ (የማሰብ ችሎታ መለኪያው)፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ። ከ600 ነው የሚቆጠረው፣ ማለፊያው 300። ሦስቱ ሳይንስ ግማሹን ይይዛል፤ አፕቲትዩድን ንቆ የሚገባ ግን ብዙ ነው፣ ያለቦታው ንቀት ነው። የቀድሞ ዓመታት ፈተናዎችን ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ ሌላ ክፍል አስቀምጣችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ሥሩ። መልሱን ከጎን አስቀምጦ «አዎ፣ አውቀው ነበር» እያሉ ማንበብ ጥናት አይባልም። የከበደውን ጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ እለፉና መጨረሻ ላይ ተመለሱበት። በወረቀት የምትፈተኑ ከሆነ፣ ስታጠቁሩ የጥያቄውን ቁጥርና የመልስ ወረቀቱን ቁጥር በየአሥሩ አስተያዩ፤ አንድ መስመር ዘሎ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ያበላሸ ሰቃይ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ባዶ የተተወ ጥያቄ ማርክ የለውም፣ ስለዚህ ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የቀሩትን ሁሉ አጥቁሩ።